«ቢ-ኢ-ዲ» ያለችኝ ልጅ

ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማስተማር ስጀምር አንድ ዓመት ሙሉ ኤ ቢ ሲ ዲ አስዘመርኩ። ልጆቹ እስከ ዜድ ሳይተነፍሱ ያወርዱታል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ቤድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፍኩና አንዷን አስነሳኋት። «ቢ-ኢ-ዲ» አለችኝ፣ ኮራ ብላ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የፊደሉን ስም እንጂ ድምፁን አላስተማርኳትም።

የእኛ ልጆች ግን ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ፊደል ቆጥረዋል። እሱን ተጠቀሙበት። ቢ «ብ» ነው በሏቸው፣ ሳድሱ። ዲ «ድ»፣ ኤን «ን»፤ አናባቢው ኢ ደግሞ «ኤ»። ከዚያ «ብ» እና «ኤ» ሲጋጠሙ ምን ይሆናሉ ብላችሁ ጠይቁ። «ቤ!» ብለው ይጮኻሉ። በአማርኛ አናባቢው ፊደሉ ላይ ተቀጥሏል፤ በእንግሊዝኛ ራሱን ችሎ ከጎን ይቆማል። ይህ ከገባቸው ትልቁ ዳገት አለፈ።

ለልምምድ ቆርኪ ሰብስቡ። ጎንደር ላይ የዳሸን ቆርኪ አይቸግርም። (ለወላጅ ግን ቀድማችሁ ንገሩ። አንዲት እናት «ልጄ የቢራ ቆርኪ ከየት አመጣ?» ብለው መጥተውብኛል።) ጠርዙ እንዳይቆርጥ በድንጋይ ጠፍጠፍ አድርጉት። ወረቀት ለጥፋችሁ ትንንሹን ፊደል በማርከር ጻፉ፣ አናባቢውን በቀይ። አሁን የመጀመሪያውን ቆርኪ ብቻ ቀያይሩ፤ ፔን፣ ቴን፣ ሄን፣ ሜን። ልጁ ቆርኪውን በጣቱ እየገፋ «ፕ... ኤ... ን» ይበል፤ ቀጥሎ አፍጥኖ «ፔን»። ፔን ሲል እስክሪብቶ ያንሳ፣ ሄን ሲል እንደ ዶሮ መሬት ይጫር። ትርጉሙ ካልገባው ድምፅ ማውጣት ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ቆርኪው መወራወሪያ ይሆናል።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ፒያሳ እንወጣለን፣ ታፔላ ለማንበብ። ብዙው ታፔላ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለተጻፈ መልሱ አብሮ አለ። ፋርማሲ ስናገኝ «ፋ»ን የሠሩት የትኞቹ ፊደላት ናቸው እላለሁ። ኤፍ ይፈልጋሉ፤ የለም። ፒ እና ኤች ተቃቅፈው «ፍ» መሆናቸውን ራሳቸው ይደርሱበታል። ስህተት ያለበት ታፔላ ሲያጋጥማቸውማ ደስታቸው! ባለፈው አንድ ካፌ ፊደል ዘሎ ነበር፤ ለባለቤቱ ሊነግሩ ሲሮጡ በግድ ያዝኳቸው። ሁሉም ሦስት ሦስት ቃል ደብተሩ ላይ ገልብጦ ይመለሳል። ዓርብ ጠዋት ቃላቱን በቆርኪ እንሠራቸዋለን።