የኪሮሽ ትምህርታችንን ዋጋ እንዴት አወረድነው

ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳና አንኮበር ያለን የኪሮሽ ወዳጆች በቀጥታ ቪዲዮ ስንማማር ዳታው ኪስ ይጎዳ ነበር። ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክንያት ቀሩ፤ በጣም አሳዘነኝ።

መፍትሔው ትምህርቱን ለሁለት መክፈል ሆነ። አስተማሪዋ እጇን ብቻ በአጭር ቪዲዮ ትቀርጻለች፤ በዝቅተኛ ጥራት (360ፒ) ቴሌግራም ላይ ትጭነዋለች። ዋይፋይ ያገኘ አውርዶ ደጋግሞ ያያል። ጥያቄና መልሱ ማታ በድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፅ ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ይበላል።

አንድ ነገር ግን አስቸገረን። የመንዝ በግ ጥቁር ሱፍ በዝቅተኛ ጥራት ሲታይ ክሩ የት እንደዞረ አይለይም። ስለዚህ ማሳያው በወፍራም ነጭ ክር፣ ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ተነጥፎ ይሠራል። አሁን የኪሮሹ መርፌ የገባበት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የምናዋጣው ለአስተማሪዋ የዳታ ጥቅልና ለድካሟ ብቻ ነው፣ በቴሌብር። ላልቻለች ልጅ ሌሎቻችን እንሸፍናለን።