ወባ ወደ ደጋ ሲወጣ፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«እኛ ደጋ ነን፣ ወባ አያገኘንም» ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት የወባ አካባቢ ተብሎ ሲያዝ ኖሯል። ደጋውን ሲጠብቅ የኖረው ግን ከፍታው ራሱ አይደለም፣ ብርዱ ነው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። 25 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ ግን ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ አብዛኞቹ ትንኞች እስከዚያ ይሞታሉ። አየሩ አንድ ሁለት ዲግሪ ሲሞቅ ሒሳቡ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የደብረ ዘይትን አካባቢ መረጃ አይቶ፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል።

ደገኛው ደግሞ ወባን አልለመደም። ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ስለሚያመው ሰውነቱ በተወሰነ ደረጃ መቋቋም ይማራል። ደጋ ላይ ግን ሕፃኑም ጎልማሳውም እኩል ይወድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት ተከትሎ በከፍተኛ ቦታዎች በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሟል። 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። እንዲህ ያለ እልቂት ያየች አገር «ደጋ ነን» ብላ መዘናጋት የለባትም።

ትኩሳትን «ጉንፋን ነው» ብሎ መተኛት

በተለይ ከመተማ ወይም ከሁመራ የሰሊጥ አጨዳ ለተመለሰ ወጣት። ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት ካለው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ይመርመር። ከየት እንደመጣም ለባለሙያው ይናገር፤ ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላል።

ረግረጉን አድርቆ በርሜሉን መርሳት

ከእስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ ሲነሳ የእሷ እጅ ነበረበት፣ ያውም በደረቁ ወራት። እንቁላሏን የምትጥለው በበርሜል፣ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ሰው ማጠራቀሙ ግድ ነው፤ በዚህ ማንም ሊወቀስ አይገባም። ግን ዕቃውን ግጥም አድርጎ መክደን፣ በየሳምንቱም ገልብጦ ውስጡን መፈተግ ይቻላል። እንቁላሉ ትንኝ ሳይሆን ይቋረጣል።

አጎበሩን ለአባወራው መስጠት

ቤት ውስጥ ያለው አንድ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡሯና ከ5 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ይተኙበት። ወባ በእርግዝና ወቅት የእናትን ደም ያሳንሳል፣ ልጁም ክብደቱ ሳይሞላ ይወለዳል።

ሲሻል መድኃኒቱን ማቆም

ኳርተም 3 ቀን ነው፣ በ2ኛው ቀን ቢሻልም ይጨረስ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። ለዚህ የሚታዘዘው ፕሪማኩዊን ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይወሰዳል። ብዙ ሰው መሀል ላይ ይተወዋል፣ ከዚያ «አገረሸብኝ» ይላል። ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል አደጋ አለው።

ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ

እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ሙቀቱ አንዱ ምክንያት ነው። ግን ጦርነት የዘጋው ጤና ኬላ፣ ያልደረሰ አጎበር፣ የኬሚካል ርጭቱን የተላመደች ትንኝም አሉበት። አየሩን የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አያቀዘቅዘውም፤ የአጎበር ስርጭቱን ዝርዝር ግን ማስተካከል ይችላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ ቀበሌ፣ የትም ሳይሄድ ወባ የያዘው አንድ ሰው ከተገኘ፣ ያ ቀበሌ ከዝርዝሩ ውጭ መቅረት የለበትም።