ሙሉ ዘንጉን ሳይገዙ ክሮቸራ ብቻ መቀየር

ማርሽ ሲገባ የሚሰማው «ቋ» የሚል ድምፅና ፍጥነት ሲጨምር የሚመጣው ንዝረት ክሮቸራዋን ብቻ በመቀየር ጠፋ። ክሮቸራ ከማርሽ ሳጥን ወደ መኪናው ጎማዎች ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ላይ ያለች የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ ናት። ዘንጉ ካልተጣመመና ክሮቸራዋ የምትገባበት ሹካ መሰል ጫፉ ቀዳዳ ካልሰፋ ሙሉውን መግዛት ብክነት ነው።

ከመፍታት በፊት ዘንጉና ፍላንጁ (ዘንጉ የሚታሰርበት ክፍል) ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ ዞሮ ከተገጠመ ንዝረቱ ሊመለስ ይችላል። አራቱ ማቆሚያ ቀለበቶች ሲወጡ አሮጌዋ በሞርሳ (አጥብቆ መያዣ) እና በሁለት ቡሶላ (የብሎን መፍቻ ራስ) ትገፋለች፤ ትንሹ ቡሶላ ይገፋል፣ ሰፊው የክሮቸራዋን ጫፍ የሚሸፍነውን ኩባያ ይቀበላል።

ሥራው የሚበላሸው አዲሷ ስትገባ ነው። ከኩባያው ውስጥ አንዲት መርፌ (ቀጭን የብረት ዘንግ መሰል ተሽከርካሪ) እንኳ ከወደቀች ኩባያው እስከ መጨረሻው አይገባም፣ የቀለበቱም ቦይ በከፊል ተሸፍኖ ይቀራል። በመዶሻ ማስገደድ መርፌዋን ይሰብራል፤ አውጥቶ መርፌዎቹን በግሪስ አጣብቆ መድገም ይሻላል። ተገጥማ ከጠነከረች የሹካውን ጆሮ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት ያላላታል።