ለሜልበርን አዲስ መጤዎች፦ የገናን ፈቃድ በኅዳር ጠይቁ

በየዓመቱ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ስልኬ ይጮኻል። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ «አለቃዬ ለገና ፈቃድ ከለከለኝ፣ ምን ላድርግ?» በዚያ ሰዓት ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። መደረግ የነበረበት በኅዳር፣ ጾመ ነቢያት ሲገባ ነበር። ለእያንዳንዱ ተራ በተራ ከመመለስ ይልቅ ወደ ሜልበርን አዲስ ለሚመጡ ወገኖች አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጡ ይሻላል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

እዚህ ሀገር የገና በዓል ዲሴምበር 25 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 16 መሆኑ ነው። እርሱና ማግስቱ፣ ከዚያም ጃንዋሪ 1፣ በሕግ የሕዝብ በዓላት ናቸው። የእኛ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ግን ማንም የማያውቀው ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ይባስ ብሎም ሰው ሁሉ ዕረፍቱን ጨርሶ በሚመለስበትና የተከመረው ሥራ በሚጠብቅበት ሳምንት ላይ ይውላል። ዲሴምበር 25 ከተማው ጭር ይላል። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ይዘጋሉ፣ ባቡርና ትራም በነጻ ነው፣ መሥሪያ ቤቶችም ብዙዎቹ እስከ ጃንዋሪ ድረስ በር አይከፍቱም፤ ስለዚህ የቪዛም ሆነ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ያለበት ሰው ከዲሴምበር አጋማሽ በፊት ይጨርስ። ቀኑ ለእኛ ጾም መሆኑንም አትርሱ። በመሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ ሥጋም ወተትም እንቁላልም እንደማትበሉ አስቀድማችሁ ከተናገራችሁ ያዘጋጁላችኋል፤ ዝም ብላችሁ ሄዳችሁ ባዶ ሳህን ይዛችሁ ብትቆሙ ግን ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልግባ፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት የወደቅኩበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። በከተማው ምዕራብ በኩል ካሉት መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በገና ሰሞን ለሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋሉ፤ «ሻትዳውን» ይሉታል። አዲስ መጤው ድርጅቱ ዕረፍት የሰጠው መስሎት ደስ ይለዋል፤ ቀናቱ የሚቆረጡት ግን ከራሱ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው። የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በዓመት የ4 ሳምንት ፈቃድ አለው፤ ይሁን እንጂ ፈቃዱ በሠራው ጊዜ ልክ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል እንጂ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በኦገስት ሥራ የጀመረ ሰው በዲሴምበር መጨረሻ ያለው ከስምንት ቀን አይበልጥም። ሁለት ሳምንት ደግሞ አሥር የሥራ ቀን ነው፤ ሦስቱ የሕዝብ በዓላት ሲቀነሱ ሰባት ይቀራል። ያጠራቀማችኋት ከሞላ ጎደል እዚያው ታልቃለች ማለት ነው።

በእኔ ጊዜ ማስታወቂያው የተለጠፈው በምሳ ክፍሉ ማቀዝቀዣ በር ላይ ነበር፤ ከሥሩ የስም ዝርዝር፣ በስሙ ትይዩ መፈረሚያ ነበረው። ሁሉም ሲፈርም እኔም ፈረምኩ። ጃንዋሪ 5 ተመልሼ ለ7 ፈቃድ ብጠይቅ የተረፈ ቀን የለም ተባልኩ። ያለ ክፍያም ቢሆን ብል ሰው ስለሚያጥር አይቻልም አሉኝ። የገናን ዕለት ካርቶን ስደረድር ዋልኩ፤ ጾሙ ተፈትቶ ሳለ ምሳ የበላሁት የዋዜማውን ሽሮ ነበር።

ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። በአብዛኞቹ የሥራ ዘርፍ ደንቦች መሠረት አሠሪው ለመዘጋት ሲያስብ ከ28 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ በቂ ፈቃድ ያልተጠራቀመለትን ሠራተኛ ደግሞ ያለ ክፍያ እንዲያርፍ የሚያደርገው በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው። ስለዚህ መደራደር የሚቻለው ከመፈረማችሁ በፊት ነው። ለመዘጋቱ ቀናት የተወሰኑትን ያለ ክፍያ ወስዳችሁ አንዲት ቀን ለጃንዋሪ 7 እንድትቀመጥላችሁ ጠይቁ፤ የጃንዋሪ 7ንም ጥያቄ በዚያው ዕለት በጽሑፍ አስገቡ። በጊዜ የቀረበን የፈቃድ ጥያቄ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት መከልከል አይችልም። ደመወዝ ሲገባም ወረቀቱን ተመልከቱ፤ የሕዝብ በዓላቱ ከፈቃዳችሁ ላይ ተቆርጠው ከተገኙ ስሕተት ነው፣ ይመለሳሉ። የሚያነጋግራችሁ ካጣችሁ የሠራተኞችን መብት የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፌር ወርክ ኦምቡድስማን፣ በ13 13 94 ይገኛል፤ አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ በ13 14 50 ደውላችሁ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ሙዚቃ እያሰሙ ያስጠብቋችኋልና በምሳ ዕረፍት ሰዓት አትጀምሩት።

ሌላም መንገድ አለ። በብዙ ደንቦች ሠራተኛውና አሠሪው ከተስማሙ አንዱን የሕዝብ በዓል በሌላ ቀን መለወጥ ይቻላል፤ ዲሴምበር 26 ሠርቶ ጃንዋሪ 7 ማረፍ ማለት ነው። በዚያ ቀን ግን የበዓል ጭማሪ ክፍያው ይቀርባችኋል፤ ገንዘቡንና በዓሉን አመዛዝኑ። ካዡዋል፣ ማለትም ቋሚ ያልሆናችሁ ሠራተኞች፣ የሚከፈልበት ፈቃድ የላችሁም፤ ሮስተሩ (የሥራ ተራ ሰሌዳው) ከመውጣቱ በፊት በዚያ ቀን እንደማትገኙ በጽሑፍ አሳውቁ። ዝም ብሎ የሚቀር ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ከእርሱ በኋላ የሚቀጠረው ሐበሻም በእርሱ ይመዘናል። «ታምሜአለሁ» ማለትን የሚመክሯችሁ አይጠፉም። አሠሪው የሐኪም ወረቀት መጠየቅ ይችላል፤ ወረቀቱ ባይጠየቅ እንኳ የጌታን ልደት በውሸት መጀመር ለእኔ አይዋጥልኝም።

ፈቃዱ ከተገኘ የቀረው ሙቀቱ ነው። በጋ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የሀገራችን የታኅሣሥ በጋ ግን ጠዋትና ማታ ጋቢ ያስደርባል። እዚህ ከሰሜን በረሃ የሚነሣው ነፋስ ቀኑን ከ40 ዲግሪ በላይ ያደርሰውና፣ ማታ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሹራብ ያስለብሳል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። የዶሮውን ሽንኩርት ከዋዜማው ቀደም ብላችሁ በሌሊት አቁላልታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። ቡሆው በዚህ ሙቀት ከምታስቡት ቀድሞ ይነሣና ከዕቃው ገንፍሎ ወለል ላይ ይወርዳል፤ እንጀራ ከፉትስክሬይ ሰፈር የምትገዙም መኪና ውስጥ ትታችሁ አትዙሩ።

ከሰል ላይ ጥብቅ ነኝ። «ቶታል ፋየር ባን» (ሙሉ የእሳት ክልከላ) በታወጀበት ቀን በገዛ ግቢያችሁም ቢሆን ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ከገንዘብ አልፎ እስከ እስር ይደርሳል። አዋጁን ቪክ ኢመርጀንሲ በሚባለው አፕ ላይ ታዩታላችሁ። ወደ ቤት ማስገባት ደግሞ ይብሳል፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ምድጃ ቁሉት። ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ጭስ ቢበዛባችሁ መስኮት ክፈቱ እንጂ ወደ ኮሪደሩ የሚወስደውን በር አትክፈቱ፤ የኮሪደሩ ጭስ ጠቋሚ በብዙ ሕንፃዎች በቀጥታ ከእሳት አደጋ ብርጌድ ጋር የተገናኘ ነው። መኪናው በከንቱ ከመጣ ክፍያው ዞሮ ዞሮ እናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለቅዳሴ የምትሄዱ መመለሻችሁን አስቡ። ሌሊቱን ሙሉ ባቡር የሚኖረው ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ የገና ዋዜማ በሌላ ቀን ከዋለ ካህኑ «እትዉ በሰላም» ሲሉ ባቡሩ ቆሟል። መኪና ካለው ምእመን ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር የሚወጣም አለ። ዋና የማታውቁ በቀይና ቢጫው ባንዲራዎች መካከል፣ ጠባቂዎቹ በሚያዩአችሁ ቦታ ብቻ ግቡ፤ ጉልበት እስኪደርስ ብቻ ነው ያለው ሰው በማዕበል ሲወሰድ አይቻለሁ፣ ጠባቂዎቹ ባይደርሱ አይተርፍም ነበር።

ወደ ቤተሰብ ለመደወል ሰዓቱ የሚመች ነው። በዚህ ወቅት ሜልበርን አዲስ አበባን በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስትደውሉ እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ዶሮው ቀርቦ ሁሉም ተሰብስቧል። በዋዜማው አትደውሉ፤ እናቶች ሥራ ላይ ናቸው። የበዓል ገንዘብም ከዲሴምበር 20 በፊት ላኩ፤ ከዚያ በኋላ የባንክ ዝውውር በበዓላቱ መካከል ተንጠልጥሎ የሚቆይበት ጊዜ አለ፣ በጉ ደግሞ የሚገዛው ቀደም ብሎ ነው።