በደጋ ውኃ ላይ የጀልባን ፕሮፔለርና ትሪም ታብ ማስተካከል

ከደብረ ሲና ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት በጭነት መኪና የወጣ ሰው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እንዴት እንደሚያቃስት ያውቃል። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ዳገቱን ያልፈዋል። የጀልባ ሞተር ግን ወደፊት፣ ኒውትራልና ወደ ኋላ ብቻ እንጂ የሚቀነስ ማርሽ የለውም፤ ማርሹ ፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውኃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው ተሽከርካሪ ክንፍ፣ ነው። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ጀልባውን በተጎታች ጭኖ በሸዋ ሮቢትና በደሴ በኩል እስከ ወሎው ሐይቅ የሚጓዝ ሰው፣ ጀልባዋ ፊቷን ሰቅላ በውኃው ገጽ ላይ አልንሸራተት ብትለው፣ ትሪም ታቡን (ፊቷን የሚያወርዱትን የኋላ ላሜራዎች) ከመነካካቱ በፊት ፕሮፔለሩን ሊመረምር ይገባል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚነዳ ባለ60 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ በሥራ ላይ የሚያውለው 48 ያህሉን ብቻ ነው ማለት ነው። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጭ ሞተር የነዳጁን መጠን ለሳሳው አየር ራሱ ያስተካክላል፤ ካርቡሬተር ያለው ግን ጂግለሩ (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) በአነስተኛ ካልተተካ በቀር ነዳጅ በዝቶበት ካንዴላውን ያጠቁራል። ሁለቱም ቢሆኑ የጎደለውን አየር ሊፈጥሩ አይችሉም። ካርቡሬተሩን ደብረ ብርሃን ላይ አስተካክሎ መሄድም ከንቱ ድካም ነው፤ ከተማው 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ እዚያ ልክ የሆነው ሐይቁ ዳር ልክ አይሆንም።

በፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ከተቀረጹት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው የክቡ ስፋት፣ ሁለተኛው ፒች ሲሆን፣ የሚለኩትም በኢንች ነው። ፒች ማለት፣ ብሎን እንጨት ውስጥ እየዞረ እንደሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፔለሩ ውኃው ባያመልጠው ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ፒቹ ሲበዛ ማርሹ ከባድ ነው፤ ሲያንስ ቀላል ነው።

ፈተናው የሚጀምረው ጀልባዋን ዘወትር በምትይዘው ጭነት ልክ በመጫን ነው። እኔ መጀመሪያ ብቻዬን ሆኜ ለክቼ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ በተሳፈረበት ቀን ጀልባዋ ከውኃው አልነሣ አለችኝ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሞተሩ ዙር ይነበብ። ብዙ ባለአራት ምት ሞተሮች በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲደርሱ ታስበው የተሠሩ ስለሆነ፣ የራስዎን ከመመሪያው ያረጋግጡ። አንድ ኢንች ፒች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ባለ17 ፒች ፕሮፔለር የገጠመው ሞተር 4,900 ላይ ቢቆምና የምንፈልገው 5,500 ቢሆን፣ የጎደለውን 600 ዙር ወደ 14 መውረድ በአመዛኙ ይሞላዋል። የቀድሞውን ግን መጣል አይገባም፤ ወደ ቆላ ውኃ በተወረደ ጊዜ ትንሹ ፒች ሞተሩን ከመጠን በላይ ሊያስዞረው ስለሚችል ያ ጊዜ ይፈለጋል።

ፕሮፔለሩ ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይላቀቅ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ ሞተሩም ኒውትራል ላይ ይሁን። ክንፉ እንዳይዞር በእሱና ከበላዩ ባለው ጠፍጣፋ ብረት መካከል የእንጨት ቁራጭ ሰክቶ ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውን ሽቦ) ማውጣት፣ ከዚያም ዳዶውን መፍታት ይቻላል። ሮንዴላዎቹ በወጡበት ተራ ካልተመለሱ ፕሮፔለሩ የማርሹን ቤት ይበላዋል፤ ስለዚህ በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደርደሩ። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ካለ ፓራዮሊውን (የዘይት ማገጃ ጎማውን) ቆርጦ ውኃ ወደ ማርሹ ዘይት ስለሚያስገባ በጥንቃቄ ይወገድ። የዘንጉ ጥርስ ግራሶ ይቀባ፤ ኮፒሊያውም በአዲስ ይተካ።

አዲሱ ፕሮፔለር ውኃውን ምን ያህል እንደሚይዝ በስልክ ጂፒኤስ ማስላት ይቻላል። ሞተሩ 5,500 ዙር ሲዞርና የማርሹ ሬሾ 2 ለ 1 ሲሆን፣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 2,750 ጊዜ ይዞራል። ባለ14 ፒቹ በአንድ ዙር 35.6 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ በሰዓት ወደ 59 ኪሎ ሜትር ሊደርስ በተገባው ነበር። ጂፒኤሱ 50 ካሳየ ውኃው ፕሮፔለሩን የሚያመልጠው 15 በመቶ ያህል ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ጀልባ ከ10 እስከ 20 ያለው ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ክንፉ ተጣሞ ወይም ሞተሩ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ አየር ስቦ ይሆናል።

ዙሩ ከተስተካከለ በኋላ ነው የትሪም ታብ ተራ። እነዚህ በጀልባዋ የኋላ ጠርዝ ግራና ቀኝ የታጠፉ ሁለት ላሜራዎች ሲሆኑ፣ ወደ ታች ሲወርዱ የኋላውን ጎን ያነሡና ፊቱን ያወርዳሉ። ለመነሣት ሁለቱም ይውረዱ፤ ጀልባዋ በውኃው ገጽ ላይ መንሸራተት ስትጀምር ጥቂት በጥቂት ይነሡ። ተሳፋሪው ወደ ግራ ከከበደና ጀልባዋ ወደዚያ ካዘነበለች፣ የግራው ታብ ሲወርድ ትቃናለች። ማብሪያው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደውን ፊት እንጂ ታቡን አያመለክትም፤ ግራውን ሲጫኑ የሚንቀሳቀሰው የቀኙ ታብ ሊሆን ስለሚችል ጀማሪ ይደናገራል። ፊቷ ከፍ ዝቅ እያለ የምትዘል ከሆነ ታቡን በጥቂቱ ማውረድ ይበቃል። ማዕበል ከኋላ ሲመጣና ወደ ኋላ ሲነዳ ግን ሁለቱም ሙሉ በሙሉ መነሣት አለባቸው፤ አለዚያ ፊቷ ውኃ ውስጥ ይቀበርና መሪው ይስታል። ታቦቹ ደረጃዋን ካቃኑ በኋላ የሞተሩ ዘንበል ማለት የፕሮፔለሩ ዘንግ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ እስኪሆን ይስተካከል።

ከፕሮፔለሩ በላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ክንፍ ደግሞ መሪው ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ለማቃናት ታገለግላለች። መሪው ወደ ቀኝ ከጎተተ የኋላ ጫፏ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሆነም ወደ ግራ ጥቂት ዲግሪ ትዙርና ብሎኗ በደንብ ይጥበቅ። ይህች ክንፍ ዝገት በሌላው ብረት ፈንታ የሚበላት ከሆነች ቀለም አትቀባም፤ ቀለም ከነካት ዝገቱ ወደ ማርሹ ቤት ይዞራል።