የዩኒቨርሲቲ መምህር ቅሬታውን እንዴት ያቀርባል?

«የማዕረግ እድገት ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም።» ደብዳቤው ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፊርማ አለው፣ ማህተም አለው፣ ምክንያት ግን የለውም። ብዙ መምህር እዚህ ላይ ደሙ ይፈላና ወደ ዲኑ ቢሮ ይሮጣል። እኔ ግን ከዲኑ በፊት ደብዳቤውን ያመጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይቆይልዎ እላለሁ። የማስረከቢያ መዝገቡ ላይ ሲፈርሙ የተቀበሉበትን ቀን በራስዎ እጅ ይጻፉ። ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በፊት ተጽፎ ዛሬ የደረሰዎት ከሆነ፣ ይግባኙ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው የሚለው ክርክር ውሎ አድሮ መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ያቺ ቀን ታወጣዎታለች።

ቀጥሎ የሚተዳደሩበትን ሕግ ይለዩ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኛው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሲተዳደር፣ የመምህሩ ቅጥር፣ ማዕረግና ዲሲፕሊን በዋናነት የሚመራው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም ሴኔቱ በሚያወጣው የውስጥ ደንብ ነው። ሌጂስሌሽኑ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይሻሻላል። ስለዚህ ጓደኛዎ ከሌላ ከተማ የላከልዎትን ቅጂ አይመኑ፤ በሥራ ላይ ያለውን ከራስዎ ተቋም ይውሰዱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ ደግሞ ተቋሙ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የወጡትን መመሪያዎች መያዝዎን ያረጋግጡ።

ከዚያ የነገሩን ዓይነት ይለዩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴ የምርምር ጽሑፍዎ ደካማ ነው ብሎ ከሆነ፣ ቅሬታ ሰሚው ጽሑፉን እንደገና አንብቦ «የለም፣ ጠንካራ ነው» አይልም። የሚመረምረው ሥርዓቱ መከበሩን ነው። ገምጋሚዎቹ በደንቡ መሠረት ተመርጠዋል? ነጥቡ በትክክል ተደምሯል? ከእርስዎ ጋር ጠብ ያለው ሰው በስብሰባው ተቀምጦ ድምፅ ሰጥቷል? እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች የሚያሸንፉ መምህራን አሉ። «ተበደልኩ፣ ሥራዬ ይታወቃል» በሚል ብቻ ያሸነፈ ግን አላየሁም። የደመወዝ፣ የፈቃድና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነገር ከዚህ ይቀላል፤ ሰነድና ሒሳብ ካለዎት ይበቃል። ለትምህርት ሲሄዱ የፈረሙት የአገልግሎት ግዴታ ግን ውል ነውና፣ ዋስዎንም ስለሚነካ ከጅምሩ ጠበቃ ያማክሩ።

ዲሲፕሊን ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ መሰናበታቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ የመሰማት መብትን እንደ ወግ ብቻ አያየውም። ክሱ በጽሑፍ ይድረስዎ፤ ካልደረሰዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። ማስረጃውን አይተው መልስ ለማዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ይጠይቁ፤ ምስክሮችዎንም ይቁጠሩ። «በቃል አስረዳ፣ እንጨርሰዋለን» ቢባሉ በትህትና ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ።

አቤቱታው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ዘጠኝና ዐሥር ገጽ የሞላ ምሬት ብዙ አንብቤያለሁ። ስምንተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ ይጠፋኝ ነበር። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«ለማዕረግ እድገት ያቀረብኩት ጥያቄ ኅዳር 12 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ውድቅ መደረጉ ኅዳር 26 ቀን ደርሶኛል። ደብዳቤው ምክንያት አይገልጽም። ከገምጋሚዎቹ አንዱ አስቀድሞ ከእኔ ጋር ክርክር የነበረው ነው፤ ማስረጃውን በአባሪ 2 አያይዣለሁ። ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ በሌሎች ገምጋሚዎች እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።»

ፍሬ ነገሩ፣ የተጣሰው ሥርዓት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ቢቀነስ አይጎዳም። ስድብ ግን ይጎዳል፤ ራሱን የቻለ የዲሲፕሊን ክስ ይወልዳል።

በሁለት ቅጂ አትመው ወደ መዝገብ ቤት ይሂዱ። አንዱን ያስገቡ፣ ሌላው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርገው ይዘው ይውጡ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ወረቀት እንዳልገባ ይቆጠራል። ግልባጭም ለሚመለከተው ብቻ ያድርጉ። ከትምህርት ክፍል እስከ ሚኒስትር ድረስ ግልባጭ የሚያደርግ ሰው ገና ሳይፈረድለት ጠላት ያበዛል።

መሰላሉን አይዝለሉ። እንደየሌጂስሌሽኑ ቢለያይም፣ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ክፍል ኃላፊ ወደ ዲን፣ ከዚያ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴና ወደ ፕሬዚዳንት፣ እንደ ጉዳዩም ወደ ቦርድ ይሄዳል። አንዱን ደረጃ ዘልለው ቢወጡ «መጀመሪያ እዚያ ጨርስ» ተብለው ይመለሳሉ፤ የይግባኙ ቀን ግን አይጠብቅዎትም። «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል የቃል መልስም ቀኑን አያቆመውም። መልስ ከዘገየ ማስታወሻ ይጻፉ፤ ያም ገቢ ይደረግ።

በውስጥ ያለው መንገድ ሲያልቅ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አለ። አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ሕጋዊነቱንም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲመረምር ይፈቅዳል። ያ ምክንያት ያልያዘ ደብዳቤ እዚህ ላይ ለእርስዎ ይሠራል። ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂም አቤት ማለት ይቻላል። ነገር ግን ተቋሙ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ እንደ ፍርድ ቤት አይፈርድም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አያይም። ስለዚህ እሱን ሲጠብቁ የክስ ጊዜዎ እንዳያልፍ።

የግል ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑ መንገድዎ ሌላ ነው፤ የሚገዛዎት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር፣ የደመወዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ቆይ፣ ከባለቤቱ ጋር እንነጋገራለን» ሲባሉ ሦስቱን ወር የጨረሱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ካሸነፉም በኋላ አንድ ወረቀት ይቀራል። የማዕረግ እድገቱ ወይም የመመለሱ ውሳኔ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና በደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ያልተከፈለው ደመወዝ የሚሰላው ከዚያ ቀን ነውና። ግልባጩም ለሰው ሀብትና ለፋይናንስ ይድረስ።