አሮጌ ሬዲዮ በቴሌግራም ጨረታ እንዴት እንደሚሸጥ

በጨረታ ላይ የአንድን ሬዲዮ ዋጋ የሚቆርጠው ሁለተኛ የወጣው ሰው ነው። አንደኛው በልቡ 6,000 ብር ይዞ ቢመጣም ተፎካካሪው 2,500 ላይ ካቆመ ዕቃው በ2,600 ይሄዳል። ይህ እስኪገባኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ደሴ ላይ ትንሽ የጥገና ጠረጴዛ አለችኝ። ያገለገለ ሬዲዮ እገዛለሁ፣ እጠግናለሁ፣ በቴሌግራም ግሩፕ አጫርቼ እሸጣለሁ። እዚህ የምጽፈው ሁሉ ያንን ሁለተኛ ሰው ስለማግኘት ነው።

የትኛው ሬዲዮ ለጨረታ ይሆናል

ለጨረታ የሚሆነው አጭር ሞገድ የሚይዝ፣ ስም ያለው ሬዲዮ ነው፦ ሶኒ፣ ናሽናል ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ግሩንዲግ። የዶይቼ ቬለ አማርኛ ክፍል በ1965 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ነው የጀመሩት። በእነዚህ ጣቢያዎች ያደገ ሰው በየቦታው አለ፤ ዛሬ ጅዳም ሆነ አዲስ አበባ ይኑር የአባቱን ሬዲዮ መልክ አይረሳም። ተራ የቴፕ ሬዲዮና ኤፍኤም ብቻ የሚይዝ ትንንሽ ዕቃ ግን ጨረታ አያስፈልገውም። ዋጋ ቆርጣችሁ በቀጥታ ሽጡት።

ስለ መገናኛ ሬዲዮ፣ ማለትም ስለ ዎኪ ቶኪ፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ባለፈው ዓመት የመንገድ ሥራ ከጨረሰ ድርጅት የተረፉ አራት ሞቶሮላዎች ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ቻርጀሩም አለ። እኔ ግን አላጫረትኩለትም። ሬዲዮ ተቀባይ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ መገናኛ ሬዲዮ ግን ሞገድ ይለቃል፤ ሞገድ ለሚለቅ ዕቃ ደግሞ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ሻጩም ገዢውም ፈቃዳቸውን ካላሳዩ በስተቀር ማን እንደሚያነሳው በማይታወቅበት ግሩፕ ላይ አትለጥፉት። ፈቃድ ካላቸው ድርጅቶች መካከል ሲሸጥ ዋጋውን የሚወስነው ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ቻርጀሩ አብሮ መኖሩና ሬዲዮው ገዢው በተፈቀደለት ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ቁጥር) መስተካከል መቻሉ ነው። ፍሪኩዌንሲው የማይገጥም ሬዲዮ የቱንም ያህል አዲስ ቢመስል ለዚያ ገዢ አይረባም።

ፍተሻ

የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫውን ክፈቱ። ድንጋይ ፈሶበት ከሆነ የፈሰሰው አልካላይን ሲሆን አቼቶ በነካ ጥጥ፣ ተራው ድንጋይ ሲሆን ደግሞ በውሃ በተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ጥረጉት፤ ከዚያ በአልኮል አድርቁት። ቮሊዩሙ ከተንኮሻኮሸ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ይበቃዋል። በዘይት የሚሞክር አለ፤ ዛሬ ዝም ያሰኘዋል፣ ነገ አቧራ ይሰበስብበታል። እባካችሁ አታድርጉት።

አጭር ሞገዱን በቀን ሞክራችሁ “አይሠራም” አትበሉ። 49 እና 41 ሜትር የሚባሉት የአጭር ሞገድ ክፍሎች የሚከፈቱት ከመሸ በኋላ ነው፤ 19 እና 16 ሜትር ደግሞ በቀን ይሻላሉ። ስትፈትሹ የስልክ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ኤልኢዲ አምፖሉን አጥፉ። የሬዲዮው የመሰለን ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነሱ ነው። እኔ ሬዲዮውን ይዤ ግቢ እወጣለሁ፤ የጦሳ ተራራ ነፋስ ካልበረታ ከዚያ የተሻለ መፈተሻ ቦታ የለኝም።

ሙሉ ስሙን ማወቅ

ይህን አንዴ ተሳስቼ ዕቃው ተመልሶብኛል። “ሶኒ 7600” ብዬ ለጠፍኩ። 7600ኤ ጣቢያው ማዞሪያ እየተዞረ በቀስት የሚፈለግ ነው፤ 7600ዲ ቁጥር የሚነካበት ዲጂታል ነው፤ ኤስደብሊው 7600ጂአር ደግሞ ከሁለቱም በኋላ የመጣ፣ ዋጋውም ከሁለቱም የሚበልጥ ነው። ገዢው የመጨረሻው መስሎት ከፈለ፤ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ነበር። ገንዘቡን መለስኩ፣ የመጓጓዣውንም ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ ሳላነሳ አልለጥፍም።

ዋጋ አቆራረጥ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው፦ ሻጭ የተመኘው እና ገዢ የከፈለው። የተመኘው ዋጋ ለወራት ተሰቅሎ ይቆያል፤ ባለመሸጡም ምክንያት ሁሌ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። የተከፈለው ዋጋ ግን ዕቃው ሲሸጥ አብሮ ከፊታችሁ ይጠፋል። ኢቤይ በሚባለው የውጭ አገር የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ መርጦ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። እሱን ሳትነኩ ዋጋ አትመልከቱ።

ያንንም ቢሆን በዶላር ምንዛሪ አባዝታችሁ ብር አታድርጉት። የእኛ ገዢ ከዚያ አይገዛም፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ አያስገዛውም። እኔ ከኢቤይ የምወስደው ደረጃውን ብቻ ነው፦ የትኛው ሞዴል ከየትኛው ይበልጣል፣ በስንት እጥፍ። ብሩን የማገኘው ከደብተሬ ነው።

ደብተሩ ይህን ይመስላል። ሞዴሉ፣ ቀኑ፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ሁለተኛው ሰው ያቆመበት ዋጋ፣ ስንት ሰው እንደተወዳደረ። የራሴን ጨረታ ብቻ አይደለም፤ በሌሎች ግሩፖች ያየሁትንም እጽፋለሁ። አሥር አሥራ አምስት መስመር ሲሞላ ዋጋው ራሱ ይታያችኋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብር በገበያ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት የጻፍኩት ዋጋ አሁን አይረዳኝም። ያንን ገጽ ለደረጃ ብቻ ነው የማየው። እናንተም ከስድስት ወር በላይ በቆየ ዋጋ አትመኩ።

አሁን ወደ መነሻ ዋጋ። አንዴ ጥሩ የሆነ 7600ዲ እጄ ገባ። ሌላ ሰው 5,500 ብሎ ሰቅሎ አይቼ እኔ በ5,000 መነሻ ጨረታ ከፈትኩ። አንድም ሰው ሳይገባ ሦስት ቀን አለፈ። ወደ 3,500 አወረድኩት። ያኔ ሰዉ መጠርጠር ጀመረ፦ “ምን ሆኖበት ነው?” የሚል መልእክት በውስጥ መስመር ደረሰኝ። በመጨረሻ በ2,800 ለአንድ ሰው ለመንኩ ማለት ይቀላል። ከአምስት ወር በኋላ ሌላ 7600ዲ፣ እንዲያውም አንቴናው ትንሽ የጎበጠ፣ በ1,000 ብር መነሻ ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰው ገባ። በ4,300 ተዘጋ።

ልዩነቱን ያመጣው ወረፋው ነው። በ1,000 ብር ማንም “ልሞክር” ይላል፤ አንዴ ከሞከረ በኋላ ዕቃውን የራሱ አድርጎ ማሰብ ይጀምራል፤ ሲበለጥ ይቆጨዋል። በ5,000 ግን የሚገባው ቁርጠኛ ገዢ ብቻ ነው፤ ቁርጠኛ ገዢ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት አይገኝም።

ይህ ሲባል ሁሉንም በ100 ብር ክፈቱ ማለቴ አይደለም። የማደርገው እንዲህ ነው። ደብተሬ ላይ ቢያንስ አራት ሰው የተወዳደረበት ሞዴል ከሆነ በተለመደው ዋጋ ሩብ እጀምራለሁ። ፈላጊው ጥቂት ከሆነ የገዛሁበትንና የጥገናውን ደምሬ ከዚያ እነሳለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም አልጎዳም። “ከዚህ በታች አልሸጥም” የሚል ስውር ዋጋ ይዞ ማጫረትን አልወደውም። ሰው ሦስት ቀን ተወዳድሮ አሸንፎ “አይ፣ አልደረሰልኝም” ከተባለ ሁለተኛ አይመጣም። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ዋጋ ካላችሁ ከላይ በግልጽ ጻፉት።

ዋጋ ለማስወጣት ጓደኛ አስገብቶ በውሸት ማስጨመርም አለ። አንድ ወዳጄ “እኔ ልግባልህ” ሲለኝ ጠረጴዛዬ አጠገብ የተቀመጡ አባት ሰምተው “ነጅሽ ነው ልጄ፣ ተወው” አሉኝ። በእስልምና ንግድ ውስጥ በስሙ የተከለከለ ነገር ነው። የሁለተኛው ሰው ቁጥር እውነት ካልሆነ ደብተሩም ውሸት ይሆናል።

ፎቶና ጽሑፍ

በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ፊቱ፣ ጀርባው፣ የባትሪ ቤቱ፣ አንቴናው ተዘርግቶ፣ ጭረቱ ሁሉ በቅርብ። ማታ ጣቢያ ይዞ ሲያወራ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ጨምሩ፤ ከማንኛውም ፎቶ በላይ እሱ ይሸጣል።

ጉድለቱን ቀድማችሁ ጻፉ። “የድምፅ መጨመሪያው ግራ ሲዞር ትንሽ ይንኮሻኮሻል፤ የጀርባ ክዳኑ አንድ ብሎን የለውም” ስትሉ አንባቢው ሌላውን ሁሉ ያምናችኋል።

ከሐይቅ የመጣ አንድ ፊሊፕስ ነበር። ባለቤቱ የነበሩት አዛውንት የአሜሪካ ድምፅ የሚገኝበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርገውበታል። ነጥቧ የምስር ፍሬ ታክላለች፤ ዳሯ ላይ የጣት አሻራ ይታያል። በአሴቶን ላጠፋት ጥጥ ካነሳሁ በኋላ ተውኩትና በቅርብ ፎቶ አነሳኋት። የዚያን ሳምንት ሁለት ሰዎች በዚያች ነጥብ ምክንያት ተፎካከሩ። አንደኛው “የእኛ ቤትም እንዲህ ነበር፣ አባቴ የእናቴን ቀለም ነው የወሰደው” ብሎ ጻፈ። ጠርጌያት ቢሆን ኖሮ አንዱም አይመጣም ነበር። የሰው እጅ ያረፈበትን ምልክት ሳትጠይቁ አታጥፉ።

የመዝጊያው ሰዓት

በጣም የሚቆጨኝ ስህተት ይህ ነው። “ጨረታው ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ይዘጋል” ብዬ ጻፍኩ። ደሴና አዲስ አበባ ያለው ሰው ገባው፤ በ4,100 ብር ተሸጠ። ጅዳ የሚኖር አንድ የባቲ ልጅ ግን ስልኩን እያየ ነው የሚኖረው። 3 ሰዓት ማለት ለእሱ ስልኩ 3:00 ሲል፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከሥራ መጥቶ፣ አላርም ሞልቶ ተኝቶ፣ በዚያ ሌሊት ተነስቶ 7,000 ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ “ወንድሜ፣ አልተዘጋም አይደል?” የሚል መልእክት ላከ። ከተዘጋ ስድስት ሰዓት አልፎታል። የአዲስ አበባው ሰው ከእሱ ጋር ቢፋጠጥ እስከ ስንት ይሄድ እንደነበር አላህ ያውቃል። ከገንዘቡ በላይ ግን ያ ልጅ በከንቱ እንቅልፉን ማጣቱ ነው የከነከነኝ።

ስለዚህ ሰዓቱን በሁለቱም ጻፉ፦ “ዓርብ ማታ 3 ሰዓት፣ በስልክ 21:00 በኢትዮጵያና በሳዑዲ”። የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ስለሆነ ይህ ይበቃል። ዓርብን የመረጥኩት በባሕረ ሰላጤው አገር ያሉት የሚያርፉበት ቀን ስለሆነ ነው።

ኢቤይ ሰዓቱ ሲደርስ ወዲያው ይዘጋል፤ ስለዚህ ሰው በመጨረሻዋ ሰከንድ ያስገባል። እኛ ጋ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰው ስላለ እንዲህ ዓይነት አዘጋግ ፍትሐዊ አይደለም። የእኔ ሕግ፦ ከ3 ሰዓት በፊት ባሉት አምስት ደቂቃዎች ጭማሪ ከተባለ ጨረታው ከዚያ ጭማሪ ጀምሮ ሌላ አምስት ደቂቃ ይቀጥላል። ዝቅተኛው ጭማሪ 100 ብር ነው፤ ሃያ ሃያ ብር እየጨመረ የሚያደክም ሰው አለና።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊታረም ይችላል። ተሸንፎ ተመልሶ ቁጥሩን የሚያስተካክል ገጥሞኛል። መታረሙን የሚያሳይ ምልክት አለው፤ የበፊቱ ቁጥር ስንት እንደነበር ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ በመዝጊያው ደቂቃ ስክሪን ሾት አንሱ፣ “የታረመ መልእክት አይቆጠርም” ብላችሁም ከላይ ጻፉ።

ክፍያና መላክ

ደረሰኝ ፎቶ ላከልኝ ብላችሁ ዕቃ አትልቀቁ። የሐሰት ደረሰኝ የሚሠራ ሰው አለ። ቴሌብርም ሆነ ባንክ የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡን በዓይናችሁ እዩ።

ስትልኩ ድንጋዩን አውጡ፣ አንቴናውን ሰብስባችሁ በላስቲክ እሰሩ፣ ሬዲዮውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ካርቶኑ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ዙሪያውን ጠቅጥቁ። ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ከሆነ የሰሌዳውን ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ለገዢው በመልእክት ላኩ። መንገዱ ካላስተማመነ ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ ገዢው ምክንያቱን ሲሰማ ይረዳል።

ዕቃው ሲደርሰው አብርቶ ድምፁን እንዲልክልኝ እጠይቃለሁ። ያ ድምፅ ሲመጣ ደብተሬን አውጥቼ መስመሩን እሞላለሁ፤ ሁለተኛ ለወጣውም በውስጥ መስመር “ተመሳሳይ ዕቃ ሲገባልኝ ላሳውቅህ?” ብዬ እጽፍለታለሁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። የሚቀጥለውን ጨረታ የምከፍተው የእነሱን ስም ይዤ ነው።